በእንግሊዝኛ የተቀበሩ ዘመዶች

ሆቴላችን አንድ የጽዳት ተቆጣጣሪ ሊሾም ሲያስብ፣ ሹመቱን ለሚሠራ ሰው ከመስጠት ይልቅ የእንግሊዝኛ መምህር ቀጠረ፤ ፈተናውን የበለጠ ይሾማል ተባለ። መምህሩን በሁለተኛው ቀን «አቶ ኢፍ» አልነው፤ ከአፉ «ቢሆን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከ«ኢፍ» ሌላ ስለማይወጣ። «እንግዳው ቢቆጣ ምን ትያለሽ? ቧንቧው ቢፈነዳ ምን ታደርጋለህ?» ቧንቧው እኮ በየወሩ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ጨርቅ ይዘን የምንሮጠውን ሰዎች አስቀምጦ፣ ቢፈነዳ ምን እንደምናደርግ ያስተምረናል።

እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከሬዲዮና በኮሪደር ከሚጨቃጨቁ እንግዶች ነው፤ ካውያ የያዘ ሰው ጆሮው ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ የአቶ ኢፍ ችሎታ ከእኔ ብዙም እንደማይርቅ በመጀመሪያው ሰዓት ገባኝ። ሹመቱን አልፈለግሁትም፤ የተማርኩትም ሁላችሁም ግቡ ስለተባለ ነው።

የፈለገችው የሦስተኛ ፎቅ ጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በማታ ፈረቃ ሠርታለች፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚገባው ጠዋት ነው። ዕቃ ቤት ውስጥ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠን ስንማር፣ ከደብተሯ ቀና የማትለው እሷ ብቻ ነበረች።

የፈተናው ቀን አቶ ኢፍ ከረባት አሥሮ መጣ። ፈተናው የቃል ነው። መጀመሪያ እንግዳ ተቀባዩን አስነሳ። ይህ ሰው ለአለቃ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ስለሚወጣ «ሠላሳ ሁለት» ነው የምንለው።

«ሥራ ላይ እያለህ እናትህ ብትሞት ምን ታደርጋለህ?»

ሠላሳ ሁለት አላቅማማም። «እናቴ ብትሞት መጀመሪያ እንግዶቼን አስተናግዳለሁ፤ ፈረቃዬ ሲያልቅ እቀብራታለሁ» አለ። እናቱ እኮ ደኅና ናቸው፤ በዚያው ሳምንት ኮቱን ሰፍተው እንድተኩሰው ልከውልኝ ነበር።

«ግሩም!» አለ አቶ ኢፍ። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሰው ሳወራ አፍራለሁ። ጥያቄው ለሁሉም ያው ነው፤ የሚቀያየረው ሟቹ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሲሰጥ ያየ ሁሉ ዘመዱን እያወጣ ያቀርብ ጀመር። አትክልተኛው በሚስቱ ቀብር ቀን ሣር ሲያጭድ ዋለ። አስተናጋጁ ስለ አባቱ ተጠይቆ፣ ሳይጠየቅ አማቱን ጨመረ። ዘበኛው ወንድም ስለሌለው፣ ወንድም ፈጥሮ ቀበረ። ስምንት፤ ሰባት ተኩል፤ ስምንት። ያን ሁሉ ሬሳ ስናወጣ የሚያለቅስ አንድ ሰው አልተገኘም።

የእሷ ተራ ደረሰ።

«ሥራ ላይ እያለሽ ልጅሽ ብትሞት ምን ታደርጊያለሽ?»

ደብተሯን ዘጋች።

«አልገባሽም? ልድገመው?»

«ገብቶኛል መምህር። አይድገሙት።»

«ታዲያ መልሺ። ልምምድ እኮ ነው፤ እውነት አይደለም።»

«አልመልስም። በልጄ አላሟርትም።»

«ይቺ ሴትዮ እንግሊዝኛ ሰው ይገድላል ብላ ነው» አለ ሠላሳ ሁለት። ክፍሉ ሳቀ። አቶ ኢፍ ዜሮ ጻፈላት፤ አሳምሮ፣ እንቁላል አስመስሎ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? ሚስትህ ብትሞት?»

«ሞታለች» አልኩት በእንግሊዝኛ። «አራት ዓመት ሆናት። ሦስት ቀን ሥራ አልገባሁም።»

«ያለፈውን ማን ጠየቀህ? ብትሞት ነው ያልኩህ» ብሎ ሦስት ሰጠኝ። በቀን አንድ መሆኑ ነው።

ስንወጣ ደረጃው ሥር አገኘኋት።

«ምነው እህቴ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር እኮ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ልጄን ሌሊት ሌሊት ያንቀጠቅጣታል። ባለፈው ወር ሁለቴ ጎረቤት ነው የደረሰላት። በየማታው ኮሪደር ስወለውል የማስበው ያንኑ የእሱን ጥያቄ ነው። ቀን ልግባ ያልኩት እኮ ከሱ ለመገላገል ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስሠራ ይህን አልሰማሁም። ጆሮዬ ንቁ ነው እያልኩ የምኩራራው ሰውዬ፣ የእንግዳ ጭቅጭቅ ስለቅም ኖሬአለሁ።

ሠላሳ ሁለት ተሾመ። ሰኞ ከሰዓት ማመልከቻ ይዤ አዲሱ ቢሮው ገባሁ፤ የእኔን የቀን ፈረቃ ለእሷ፣ የእሷን የማታ ለእኔ የሚል። ካውያ መያዝ ታውቃለች፤ መወልወያም እኔን አይከብደኝም። ወንበሩ ላይ ተለጥጦ አነበበውና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«ብፈርምልህ ምን ታደርግልኛለህ ጋሼ?»

«እጸልይልሃለሁ።»

«በቃ?»

«ላንተ ብዙ ነው» አልኩት።

ምርቃት መስሎት ሳቀ። የማታ ፈረቃን በፈቃዱ የሚጠይቅ ሰውም አይቶ ስለማያውቅ ፈረመ። ጸሎቱን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እስካሁን አልጀመርኩትም።

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ልትጀምር ሽርጧን እያሠረች ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። ፊርማውን ሁለቴ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

«ከነገ ይላል።»

«ታዲያ ዛሬን...»

«ዛሬም እኔው ነኝ። ሂጂ፣ ሳይመሽ ድረሺላት።»

ሽርጧን ፈትታ ሰጠችኝ፤ ባልዲው የት እንደሚቀመጥ ለማሳየት እንኳ አልቆመችም።