ጣራ ላይ የወጣው ወንፊት

«ትንሽ ወደ ኮረብታው አዙረው» አለች ታደለች፣ ከግቢው አንጋጣ።

የጎረቤት ልጅ ጀምበሩ ቆርቆሮው ላይ በሆዱ ተኝቶ እንደ ዲሽ የተሰቀለውን ወንፊት አዞረው። መሀሉ ላይ የታሰረችው ትንሽ መቀበያ በረጅም ገመድ ከፍስሃየ ኮምፒውተር ጋር ተያይዛለች፤ ከኮረብታው የፌሩዝን ኢንተርኔት ቤት ሞገድ መያዝ አለባት። ፌሩዝ እሁድ ብትዘጋም «እናንተ ሰፈር ቡኮቶ ድረስ ከደረሰላችሁ ተጠቀሙበት» ብላ ማሽኑን ክፍት ትታላቸዋለች።

ከተማ የሚባለው የታደለች ወንድም ካርቱም ሆኖ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠብቃታል። ነገ ሥራ ወደ በረሃ ይወስደዋል፤ እዚያ ስልክም የለ። ከተለያዩ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም።

«ምንም የለም» አለ ፍስሃየ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተንበረከከ። አሥመራ ያደገ፣ ወሬ የማያበዛ ጎረቤት ነው።

ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችው ሌላዋ ጎረቤት እታፈራሁ ቀና ብላ አየች። «ትናንት የያዘልን ይሄ ወንፊት ነበር እንዴ?»

ታደለች ፊቷ ቀላ። «ያኛው አርጅቷል፤ ተጣጥፏል። ሰው ሁሉ በሚያየው ጣራ ላይ እሱን እሰቅላለሁ? ጠዋት በአዲሱ ቀየርኩት።»

ጀምበሩ ጣራው ላይ ሳቁ መጣ። «እትዬ ታደለች፣ ይሄ እኮ ናይለን ነው። ሞገዱን የሚሰበስብልን ሽቦው ነው።»

ወደ ጓዳ ሮጠች። ሽሮ የጠገበውን አሮጌውን የሽቦ ወንፊቷን ይዛ ተመለሰች። ጀምበሩ ተቀብሎ አሰረው። የጎረቤት ጣራ ላይ የቆመ ረጅም ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ትንሽ ታዘባቸውና፣ ሳይቸኩል ክንፉን ዘርግቶ ሄደ።

«ሄሎ... ታዱ?» አለ ከኮምፒውተሩ የከተማ ድምፅ።

ታደለች በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች።

«አለች፣ አለች» አለች እታፈራሁ። «እያለቀሰች ነው፤ ዝም ብለህ አውራ።»

ከተማም አወራ። ድምፁ እየራቀ እየቀረበ፣ የማቶኬው ሙዝ ቅጠል ላይ ካረፈችው ፀሐይ ጋር ተቀላቀለ። ለታደለች ግቢው ከነምንጣፉ፣ ከነጎረቤቱ፣ ከመሬት ቀስ ብሎ የተነሳ መሰላት፤ ካርቱም ከአጥሩ ማዶ ነው፣ እጇን ብትዘረጋ ትከሻውን ትነካለች።

«የምን ጫጫታ ነው? ድግስ አለ?» አለ ከተማ።

«ቤተሰቦቼ ናቸው» አለች። እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። ደስታው ደረቷን ሞላው።

ከተማ ተሰናብቶ ሲዘጋ ማንም ከቦታው አልተነሳም።

«ወንፊቱን ላውርድልሽ?» አለ ጀምበሩ። «ነገ የምታስረክቢው የሚነፋ ሽሮ አለ አይደል?»

ታደለች ፍስሃየን አየችው። ዓይኑ ባዶው ስክሪን ላይ ቀርቷል።

«አንተስ ማንን ትፈልጋለህ?»

«እናቴን» አለ። «ግን ኢንተርኔት የምታውቅ ሴት አይደለችም።»

«እኔስ መቼ አውቅ ነበር? የሚያገናኛት የሰፈር ልጅ አይጠፋም። ፈልግ።»

የተቀመጠችበትን በርጩማ ወደ እሱ ገፋችለት።

«ተወው ጀምበሩ፣ እዚያው ይቆይ» አለችና ናይለኑን ወንፊት ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ናይለኑ ሽሮ ቶሎ እንደማያሳልፍላት ታውቃለች።