የጠባቂው ክፍል ደጃፍ

አዶማ የማማውን ደረጃ የምትወጣው ከአባካ ኋላ ኋላ ነበር። አባካ የእጮኛዋ የኤኮው አጎት ነው፤ የእናቱ ወንድም። በፋንቴዎች ዘንድ «ዎፋ» የሚሉት የእናት ወንድም እሺ ካላለ ሠርግ የሚባል ነገር የለም፤ አባትየው ደስ ካለው ብቻውን ይጨፍር። ቅዳሜ አባካ የመጠጥ ጠርሙስ ይዞ ታኮራዲ ከተማ ድረስ ሄዶ የአዶማን እናት ደጅ ሊያንኳኳና ልጅቷን ሊለምን ቀጠሮ ይዟል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ቀርታለች። የአባካ ቤት ምራት የምትሆን ሁሉ ይህን የባሕር መብራት ማማ ወጥታ፣ የድሮው መብራት ጠባቂ ክፍል ደጃፍ ላይ ምራቋን መትፋት አለባት።

ቀላል ነገር ነው፤ እንትፍ ማለት ማን ያቅተዋል? ብቻ ያ ጠባቂ የአዶማ አያት ነው። ይህን ደግሞ ከአባካ ቤት ማንም አያውቅም ብላ ነው የመጣችው።

አስጎብኚዋ ኮንዱዋ ወፈር ያለች ሳቂታ ሴት ናት። እንግሊዞች ድንጋዩን በማን ትከሻ እንዳስመጡት፣ የላይኛው ትልቁ መስተዋት ከመርከብ ሲወርድ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ በዚያ ዘመን ጠባቂው የዘይቱን ጣሳ ተሸክሞ ይህንኑ ደረጃ ሲመላለስ እንደሚውል እያወራች ትወጣለች፤ ትንፋሽ እንኳ አያጥራትም! ኤኮው ታች ቀርቶ ማማውን ፎቶ ያነሳል። አዶማ ወሬው በመስተዋቱ ላይ እንዲያልቅ በልቧ ትጸልያለች። አላለቀም።

«እንግዲህ ወደ ሰካራሙ መጣን» አለች ኮንዱዋ።

ታሪኩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። ሰኞ ሌሊት ነው አሉ፤ ባሕሩ ተነሥቷል፤ አንድ ትልቅ ጀልባ ዓሣ ጭኖ ይመለሳል። ጠባቂው ጠጥቶ ተጋድሟል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ጀልባው ዓለቱ ላይ ተሰባበረ፣ አንድም ሰው አልተረፈም። ሬሳቸውን ማዕበሉ የተፋው ረቡዕ ጠዋት ነው። ከመካከላቸው አንዱ የአባካ አባት ነበር።

የአዶማ እናት የነገረቻት ግን ሌላ ነው። መብራቱ አልጠፋም። ሰዎቹም የሞቱት ሰኞ ሳይሆን ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የባሕሩ ቀን ነው፤ በዚያ ጠረፍ ማክሰኞ መረብ ይጠገናል እንጂ ጀልባ አይገፋም። ቀኑን ደፍሮ ባሕር የበላው ሰው አይለቀስለትም፣ ከዘመዶቹ ጋርም አይቀበርም። ያን ዓመት ዓሣ ጠፍቶ ልጆች ተርበው ነበርና ሰዎቹ ተደብቀው በጨለማ ወጡ። ከላይ ሆኖ ያያቸው ጠባቂው ብቻ ነው። ሬሳው ሲገኝ ሽማግሌዎቹ ማማውን ወጥተው እግሩ ላይ ወደቁ፤ ሰኞ ሌሊት መብራቱ ጠፍቶ ነበር በልልን፣ ልጆቻችንን እንቅበር ብለው ለመኑት። እሱም እሺ አለ። ከዚያስ? ከተማው ቤቱን በድንጋይ ሲደበድብ፣ መንግሥት ከሥራ ሲያባርረው፣ እነዚያ ሽማግሌዎች የት ገቡ? ዝም! አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

እናቷ ትናንት ስትሸኛት «እውነቱን ዋጥ አድርገሽ ትፊ» ብላታለች። «እሱ እንደሆነ አልፏል። አንቺ ግን ገና ትኖሪያለሽ።»

ደጃፉ ላይ ደረሱ። ሲሚንቶው ከምራቅ ብዛት ጠቁሯል። ኮንዱዋ ከልማድ እንትፍ አለች፣ አባካም ተፋ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ አዶማ ዞሩ። የአዶማ አፍ ደርቆ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል።

«ሙሽሪት፣ ምራቅ አለቀብሽ እንዴ? ውሃ ላምጣልሽ?» ብላ ኮንዱዋ ሳቀች።

አባካ አልሳቀም። ኮንዱዋን ወደ ላይ ወጥታ የመብራቱን ክፍል እንድትከፍት ላካትና ኮቴዋ እስኪርቅ ጠበቀ።

«አፍንጫሽ ቁርጥ የሱ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ገና ቤታችን የገባሽ ቀን አውቄሻለሁ።»

አዶማ ግድግዳውን ያዘች። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ድምፅ ከአፏ ወጣ። «ዎፋ፣ መብራቱ በርቶ ነበር።»

«መብራቱማ በርቶ ነበር። ለአባቴ መቅዘፊያውን ያቀበልኩት እኔ አይደለሁ? ፊቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በዚሁ መብራት ነው።»

አዶማ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደች። ያውቃል! እያወቀ ነው ዕድሜ ልኩን የተፋው፤ እያወቀ ነው ምራት በመጣ ቁጥር እየነዳ ያስተፋው!

«አትቆጪ፣ ልጄ» አለ አባካ። «ቅዳሜ ጠርሙሱን ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ የቤታችን ሰው ነሽ፤ የቤት ሰው ደግሞ የቤቱን ገመና አያወጣም። አባቴን ከመቃብሩ አታስወጪብኝ። በይ ትፊ፣ ኤኮው እየመጣ ነው።»

እውነትም ኤኮው እያፏጨ ደረጃውን ይወጣል። አዶማ ይህን ሰው ትወደዋለች፣ ያለሱ ኑሮ አይታያትም። ምራቋን አጠራቀመች። ምን ይደበቃል፣ አጠራቀመች! ጎንበስ ስትል በተከፈተው በር የአያቷን አልጋ አየች፤ የሕፃን አልጋ የሚያህል አጭር የብረት አልጋ። ከተባረረ በኋላ ታኮራዲ እነ አዶማ ቤት ሲኖር፣ ያ ሁሉ ሰፊ ፍራሽ ተነጥፎለት፣ እግሩን አጥፎ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ነበር የሚተኛው። አዶማና እህት ወንድሞቿ ልጆች ሆነው ይሥቁበት ነበር። ምራቋን መልሳ ዋጠች።

«እህ፣ ተፋች?» አለ ኤኮው እየሳቀ።

«አልተፋሁም» አለችው። «ይሄ የአያቴ ክፍል ነው፣ ኤኮው። መብራቱን አላጠፋም። አያትህ ባሕር የገቡት ማክሰኞ ነው፤ አያቴ ጥፋቱን የወሰደው እሳቸው እንዲቀበሩ ብሎ ነው።»

የኤኮው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወደ አጎቱ ዞረ። «ዎፋ፣ ውሸቷን ነው በለኛ።»

አባካ ትከሻው ላይ ያጣፋውን ጨርቅ ሰብስቦ፣ ግድግዳውን በእጁ እየተደገፈ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ስለ ቅዳሜ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ዞሮም አላያቸውም።

ኤኮው የጠቆረውን ሲሚንቶ እያየ ቆመ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስንቴ ተፍቶበታል! አዶማ አሁን አጎቱን ተከትሎ ይወርዳል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና፣ በባዶ እግሩ የአጎቱ ምራቅ ላይ ቆመ።

«አጎኦ» አለ፣ የትልቅ ሰው ደጅ ሲደርሱ እንደሚባለው። በዚያ አገር ከውስጥ «አሜኤ» ሳይባል አይገባም።

ማን ይመልስ? ክፍሉ ባዶ ነው። አዶማ እንባዋ እየወረደ «አሜኤ» አለችለት፣ ገባ።