የሳቱርኒኖ ልብስ የታጠበበት ቀን

«ማናት ይቺ ደግሞ?» አለች ባሲሊያ ጥርሷን ነክሳ።

የባሏ ሬሳ ሳጥን ሥር አንዲት የማታውቃት ሴት ተንበርክካ ትንሰቀሰቃለች። ለቀስተኛው ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ ለብርታት የሚያኝከውን ኮካ ቅጠል ትቶ ሴትዮዋን ያያል።

«ኒካኖራ ናት» አለቻት ጎረቤቷ ቶማሳ በሹክሹክታ። «ማዕድን ጉድጓዱ አፍ ላይ ከድንጋይ ክምሩ የቆርቆሮ ማዕድን ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ። ባሏን ናዳ የበላባት።»

«እና ለኔ ባል ምን ቤት ነኝ ብላ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

ቶማሳ ዓይኗን ሰብራ ኮካዋን ማኘክ ቀጠለች።

ሳቱርኒኖ በሁዋኑኒ ከተማ የቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ ሲበሳ የኖረ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ከሥራ ሲወጣ ይዘገይ ጀመር። «የት ቆየህ?» ስትለው «ትንፋሽ እየወሰድኩ» ይልና ይስቃል። አብራው ትስቅ ነበር። ሰኞ ዕለት ጉድጓዱ አፍ ላይ ደም ተፍቶ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባውን አቧራ ከበላው ቆይቷል አለ። ባሲሊያ ግን አንድ ቀን እንኳ ደም አይታበት አታውቅም።

ከቀብሩ በኋላም ኒካኖራ በየቀኑ እየመጣች በሩ ሥር ትቀመጣለች። ባሲሊያ የተሰነጣጠቁ እጆቿን፣ በፀሐይ የከሰለ ፊቷን ትመረምራለች። ከእኔ አታምርም፣ አለች በልቧ። ይኼ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

በስምንተኛው ቀን፣ እንደ አገሩ ወግ፣ የሠፈሩ ሴቶች የሟቹን ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ወረዱ። ኒካኖራ ጥቅል ይዛ ተከተለች።

«እዚህም መጣሽ? አፈር አልብሰነዋል እኮ! ምን ቀረሽ?»

ኒካኖራ ጥቅሉን ፈታችው። ውስጡ መሐረቦች ነበሩ፤ የደረቀ ደም አጠይሟቸዋል።

«የሱ ናቸው። ሲያስለው ደም ይተፋ ነበር። ከሥራ ሲወጣ እኔ ጋ እየመጣ ያርፍና መሐረቡን ይለውጣል። እኔ አጥብለታለሁ። 'ባሲሊያ ካየች ጉድጓድ ወርጄ እንድሠራ አትፈቅድልኝም' ይለኝ ነበር። እነዚህን ሳላጥባቸው ሞተ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ልጆቼን!»

ባሲሊያ አመነቻት። ማመኗ ግን አላሳረፋትም። አልጋ ተጋርተው ቢሆን ተሳድባ፣ ፀጉር ጎትታ ይወጣላት ነበር። ሰውነቱን ለእሷ ሰጥቶ ሞቱን ለሌላ ሴት መንገሩ ግን ምን ተብሎ ይሰደባል?

«አንቺ ጋ አልቅሶ ያውቃል?»

ኒካኖራ አቀረቀረች። «አንድ ቀን።»

ባሲሊያ ጋ ግን አንድም ቀን አልቅሶ አያውቅም።

ባሲሊያ የባሏን ብርድ ልብስ ከውሃው ጎትታ አወጣች፤ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ቶማሳ ልታግዛት ብድግ ስትል በእጇ መለሰቻትና አንዱን ጫፍ ለኒካኖራ ወረወረችላት።

«ጥብቅ አድርገሽ ያዢ!»

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዷ ወደ ግራ አንዷ ወደ ቀኝ፣ ውሃው እስኪያልቅ ጠመዘዙት።