የአወል ሰዓት ሲከፈት

ዕቃዬን ሠሪ ጋ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። አገር ቤት ዞር ካልሽ ደህናውን አውጥቶ አሮጌ ይገጥምልሻል። ስለዚህ የሟቹ ባሌ የአወል የኪስ ሰዓት ሲቆም እዚህ አሜሪካ፣ ስፕሪንግ ቫሊ የሚኖረው ሙአዊያ ጋ ወሰድኩትና፣ የቤቱ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ወንበር ስቤ እጁን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሙአዊያ የሆቴል ሠራተኛ ነው፤ ሺፍት በሌለው ቀን ሰዓት ይጠግናል።

ከፍቶ አየና፣ «እማማ፣ ውስጡ ያለችው ጥርስ ያላት ትንሽ የብረት ጎማ ተሰብራለች። ከሌላ ሰዓት አውጥቼ ልግጠምልዎት» አለኝ።

«ከማን ሰዓት?»

«ባለቤቱ አይታወቅም።»

«የማላውቀውን ሰው አንጀት አወል ሰዓት ውስጥ ልትከት? ወግድ!»

ሳቀብኝ። ከመሳቢያው ከአሮጌ ሰዓቶች የተፈቱ አንድ ዓይነት ጎማዎች አውጥቶ ጨርቅ ላይ ዘረገፈ።

«ይሄ የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ሴቶች ማሽን ላይ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠር ያወጡ ነበር። ሁሉም እኩል ስለሆነ የአንዱ ለሌላው ይሆናል። በእጅ ቢሠራ ኖሮ እምቢ ይል ነበር።»

«አታሞኘኝ! እኔው እመርጣለሁ።»

እውነት እኩል እንደሆኑ ልፈትነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አንዷን አነሳሁለት። ሲያስገባት ልክ ሆነች፤ ሰዓቱም መምታት ጀመረ።

ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። አወል አጠገቤ ሲቀመጥ ከኪሱ እሰማው የነበረው ያው ድምፅ ነው። ምንም አልጎደለበትም።

«ታዲያ አሁን የማን ሰዓት ነው?» አለኝ።

«የአወል ነዋ፣ ምን ትጠይቀኛለህ! ያቺን ጎማ ለቆረጠችውም ሴትዮ አላህ ይዘንላት። እጇ ካንተ እጅ ይሻላል። በል ክደነው።»