ናሙናው ወዴት ዞሮ ነበር

ሰኞ ጠዋት ዙልፋ ለሳይንስ መጽሔቱ አዘጋጅ አንድ መልስ መላክ አለባት፤ የጥናቷ ውጤት በሌላ ሰው እጅ ተደግሟል ወይስ አልተደገመም? ዛሬ ቅዳሜ ነው። ላቦራቶሪዋ ውስጥ መሆን ሲገባት ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በአንድ ካርቶን ሳሙናና በአንድ እንቅልፋም ነጋዴ መሃል ተጣብቃ ተቀምጣለች። ጣርማ በር ላይ የደረበችውን ጃኬት ቁልቁለቱ ሳያልቅ አወለቀችው።

ዙልፋ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተባባሪ ፕሮፌሰር ናት። ሥራዋን ማስረዳት ይሰለቻታል፤ ሰው ችክ ሲልባት ግን እንዲህ ትላለች፦ ኤሌክትሮን ቻርጅ ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ እንደ ቅንጣት ማግኔት አቅጣጫም አለው። ያ አቅጣጫ ስፒን ይባላል። እኔ መረጃን በቻርጁ ሳይሆን በአቅጣጫው ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ስፒንትሮኒክስ የሚባለው ይኸው ነው። ለዚህም ከፀጉር ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሳሱ የብረት ንጣፎችን ትደራርባለች። ከሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ተነሥታ አዲስ አበባ ተማረች፣ ታይዋን ዶክትሬቷን ሠራች፣ ተመልሳም መብራት በሚቆራረጥበት ሕንፃ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ አቆመች። ሁሉም አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀባት።

ባለፈው ዓመት አንዱ ናሙና ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ማግኔት በሚከላከል የብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ምንም የውጭ ማግኔት ሳይነካው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ በድንገት ዘለለ። ዙልፋ ሰባት ጊዜ ለካችው፤ ሰባቱንም ጊዜ ዘለለ። ጽሑፉን ለመጽሔቱ ላከች። አንድ ገምጋሚ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ከእርስዎ ሌላ ሰው ሊደግመው ይችላል? አልተቻለም። የዶክትሬት ተማሪዋ ማህሌት አርባ ጊዜ ሞከረች፤ ያው ናሙና፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ሰዓት፣ ናሙናው ግን ዝም። ዙልፋ ስትለካው ይዘላል።

የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋ የቆመው በዚህ ጽሑፍ ላይ ነው። በመምህራን ክበብ ደግሞ «ቁጥሩ የሚታዘዘው ለእሷ ብቻ ነው» የሚል ቀልድ መዞር ጀምሯል። በጨዋ አነጋገር ቁጥር ትፈበርካለች ማለታቸው ነው።

ከዛሬው ድግስ ለመቅረት ግን አልቻለችም። ወንድሟ በድሩ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ስለሆነ አቂቃዋ፣ ማለት የልደቷ ፍየል፣ ይታረዳል፣ ስምም ይወጣላታል። ብትቀር አሥር ዓመት ይነገርባታል። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ በድሩ አዲስ ግቢ ሄደች። አክስቷ እትዬ ዙሀራ ከማንጎው ጥላ ሥር ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ከስተሻል። ያ የማይታይ ነገር ነው የሚበላሽ?»

«እንጀራዬ ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«ለመሆኑ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እሱ አይታይም፤ ቁጥሩ ነው የሚታየው። ሰሞኑን ደግሞ ቁጥሩም አስቸግሮኛል።»

«አላህ ያግራልሽ» አሉ እትዬ ዙሀራ፤ ቁጥር ምን እንደሚያስቸግር ግን አልገባቸውም።

በድሩ የአባታቸውን ሉካንዳ የወረሰ ሰው ነው። ልጆች ሳሉ አባታቸው ሲያርድ የፍየሉን ራስ ይዛ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ የምታዞረው ዙልፋ ነበረች።

«ፕሮፌሰር! ነይ ራሱን ያዢ!» ብሎ ተጣራ።

«በዚህ ቀሚስ?»

«ቀሚስ ይታጠባል። ወይስ ፈራሽ?»

ሄዳ ያዘችው። ፍየሉ በግራ ጎኑ እንደተኛ እጇ ራሱን ዞር አደረገው። በድሩ ቢላዋውን እንደያዘ ቆም አለ።

«ቂብላው በዚህ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«እ?»

«ግቢው አዲስ ነው። እኔ ራሴ የመስጊዱን ሰው አምጥቼ ነው ያረጋገጥኩት። አንቺ ገና መግባትሽ ነው።»

ዙልፋ ዙሪያዋን አየች። የጣርማ በር ተራራ በግራዋ በኩል ነው። ተራራውን በግራ ካደረጉ ቂብላ ፊት ለፊት ነው፤ አባቷ ያስተማራት እንዲህ ነበር። ግን አሁን ተራራውን አልፈለገችም፣ አላሰበችም።

«እጄ ነው ያዞረው» አለች።

«እጅሽ ከመስጊዱ ሰው ይሻላል። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ በድሩ፣ ፍየሉም አለቀለት።

እጇን ስትታጠብ ነገሩ አልለቃት አለ። በእርጥብ ጣቷ የስልኳን ኮምፓስ ከፈተች። ከሸዋ ሮቢት መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ከአዲስ አበባም ቢሆን ከሰሜን እምብዛም አይርቅም። የኮምፓስ መርፌም የሚቆመው ወደ ሰሜን ነው። ዙልፋ ውኃውን ሳትዘጋ ቆማ ቀረች። ናሙናው ካሬ ነው፤ አንዱ ጠርዙ ተቆርጧል፤ እሷ ያን ጠርዝ «ራስ» ትለዋለች። ስለካው ራሱን ወዴት ነው የማዞረው? አለች በልቧ።

ማህሌት ቅዳሜም ከላቦራቶሪ አትጠፋም። በሁለተኛው ጥሪ አነሣች።

«ማህሌት፣ ናሙናውን ስታስቀምጪ የተቆረጠው ጠርዝ ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ኮምፒውተሩ ነዋ። ገመዱ እንዲደርስ።»

«ወደ እንጦጦ አዙሪው።»

«ይቅርታ፣ ፕሮፌሰር፣ ወዴት?»

«ወደ መስኮቱ! ሰሜን! ገመዱን አስረዝሚው።»

የመሣሪያ ኳኳታ ተሰማ። ከዚያ ማህሌት ጮኸች፤ «ዘለለ! ፕሮፌሰር፣ በእኔ እጅ ዘለለ!»

«ወደ ኮምፒውተሩ መልሺው።»

«ጠፋ። እንደገና ወደ መስኮቱ… ይኸው፣ ዘለለ! ተደገመ እኮ!»

ዙልፋ ግን አልተደሰተችም፤ ነገሩ ገብቷታል። ናሙናው ያለ ውጭ ማግኔት አልዘለለም። የምድር ማግኔት ነበረበት። በዚህ አገር የምድር ማግኔት ወደ ሰሜን እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነው የሚያልፈው፤ እሷም ሰባቱንም ጊዜ ናሙናውን ልክ እንደ ፍየል ቂብላ አስይዛዋለች።

«ግን ሳጥኑ የምድርን ማግኔት ይከላከላል አይደል?» አለች ማህሌት፣ ደስታዋ እየቀነሰ።

«ይከላከል ነበር። ከልኬቱ በፊት ዕቃ ስናዛውር ወድቆ ክዳኑ ተጣመመ። ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ወስጄ አስቀናሁት።»

«በምን?»

«በመዶሻ።»

«ፕሮፌሰር…»

«አውቃለሁ። ያ ብረት ከተቀጠቀጠ መከላከሉን ይተዋል። ለተማሪ አስተምረዋለሁ እኮ! አዲስ ለማስመጣት ስድስት ወር ይፈጃል ብዬ ነው።»

በድሩ ሥጋ እየከተፈ ይሰማት ነበር፤ ስልኩን ዘግታ የገምጋሚውን ጥያቄ ነገረችው።

«ታዲያ ተደገመ አይደል? ጥያቄያቸው እሱ ከሆነ ተደግሟል በያቸው።»

«ይደገማል። ምክንያቱ ግን የጻፍኩት አይደለም።»

«ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም። ገምጋሚው የጠየቀው ሌላ እጅ ይደግመዋል ወይ ብቻ ነው። ማህሌት ናሙናውን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፣ ቁጥሩ ይዘላል፣ መልሱም እውነት ይሆናል። ማዕረጉ ይመጣል፣ የክበቡ ቀልድም ያበቃል። ዙልፋ የተሰጣትን ሳህን ሳትነካ ወደ ጎን ገፋችው።

«የታመመ በሬ አርደህ ብትሸጥ ማን ያውቃል?» አለች በመጨረሻ።

«እሱ ሌላ ነው!» አለ በድሩ ተቆጥቶ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠ። «እንደሱ ነው?»

«እንደሱ ነው።»

ሰኞን አልጠበቀችም። በስልኳ ለአዘጋጁ አራት መስመር ጻፈች፦ ውጤቱ ይደገማል፤ ምክንያቱ ግን የጻፍነው አይደለም፤ የምድር ማግኔት ነው፤ መከላከያ ሳጥኑን ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ጽሑፉን አነሣለሁ። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ወሰደው። የዘንድሮው ሙሉ ፕሮፌሰርነት በዚሁ አበቃ።

ግን ሌላ ነገር ቆነጠጣት። የምድር ማግኔት እኮ ደካማ ነው። የእሷ ንጣፍ እንዲህ ያለውን ሹክሹክታ ሊሰማ አይገባውም ነበር፤ ስሌቷ ሊሰማ አይችልም ይላል። ታዲያ እንዴት ሰማ? ማህሌትን መልሳ ደወለችላት።

«ከሰሜን ተነሺና በየአሥር ዲግሪው እያዞርሽ ለኪው። ቁጥሩን ንገሪኝ፣ እዚህ እጽፈዋለሁ።»

የተምር ካርቶን ክዳን ቀድዳ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፤ ቁጥሩ እንደጠበቀችው ቀስ እያለ ወረደ።

«ዙልፋ! ስም ሊወጣ ነው፣ ነይ እንጂ!» አሉ እትዬ ዙሀራ ከቤት ውስጥ።

«አንዴ፣ አክስቴ! አርባስ፣ ማህሌት?»

በስልኩ ውስጥ መሣሪያው ሲንኳኳ ተሰማ።

«ማህሌት?»

«አርባ ላይ ወደ ላይ ወጣ፣ ፕሮፌሰር። ከሰሜን እየራቀ ሲሄድ መውጣት የለበትም አይደል? ይጠብቁኝ፣ ልድገመው።»