የእማዬ አፍንጫ

"የዓመቱ ክንውን" ይላል ቅጹ። ክንውን! የሠዓሊዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ደግሞ አይሰለቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወለ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅጹንና ሥዕሉን ካላመጣሽ ከዓመት መጨረሻው ትርዒት ስምሽ ይወጣል። ያለቀ ሥዕል ነው ታዲያ!" አለኝ። ያለቀ? የኔ ወንድም፣ ያለቀው እኔው ነኝ።

ዓመቱን ሙሉ የያዝኩት አንድ ሥዕል ነው፤ የእናቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለሜን ተሸክሜ እሷ ቤት እሄዳለሁ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጣት እሠራለሁ። ስጨርስ ሸራውን አዞርላታለሁ። አገጯን ይዛ ወደ ኋላ ለጠጥ ትልና "አፍንጫዬን አገዘፍሽው" ትላለች። አሳንሰዋለሁ። በሳምንቱ "ኧረ አሁንስ ቆረጥሽው!" እንደገና አገዝፈዋለሁ። አርባ ጊዜ! ጓደኞቼ ስንቱን ሠርተው ስንቱን ሲሰቅሉ፣ እኔ ከአንድ አፍንጫ ጋር ግብግብ ገጥሜ ከረምኩ።

ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ እሷው ቤት ስድስት ሰዓት ሆነ። ቅጹ ጉልበቴ ላይ ነው፤ "የቀጣይ ዓመት ግብ" የሚለው ቦታ ባዶውን ያፈጥብኛል።

"እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ ዛሬ እንኳ አለቀ በይኝ።"

"እኔ ምን አልኩ? አፍንጫዬን ብቻ ነው እኮ..."

ደሜ ፈላ። እስቲ በዚህስ ምን አቃቂር እንደምታወጣ አያለሁ ብዬ ሸራውን ገለበጥኩና ጀርባውን አዞርኩላት። ቀለም ያልነካው ጨርቅና አራት እንጨት።

አገጯን ያዘች። ለጠጥ አለች። "ተሻሽሏል" አለች፤ "ግን አሁንም ትንሽ ገዘፍ ብሏል።"

ሳቄ መጣ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ብሩሹን ፊቷ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረግኩት፤ ዓይኗ አልተከተለውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"እማዬ!"

የቀሚሷን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። "ጥላ ጥላው ይታየኛል እኮ" አለች በመጨረሻ። "ዓይኔን ብነግርሽ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ልታንከራትቺኝ። ሥዕሉ አለቀ ብልሽ ደግሞ ልትቀሪ።"

ተናደድኩ፤ በራሴ። ዓመት ሙሉ ፊቷ ላይ አፍጥጬ ተቀምጬ ምን ነበር የማየው? ዓይኖቿን እንደሆነ በመጀመሪያው ወር ጨርሻቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ተመልሼም አላየኋቸው።

ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊው ነው። "እህስ፣ አለቀ?"

"አላለቀም። ስሜን አውጣው" አልኩና ዘጋሁበት። ቅጹንም አጣጥፌ ብሩሼን ጠረግኩበት።

"ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አልኳት። "አንድም ቃል እንዳልሰማ።"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቅዳሜስ?" አለችኝ።

"ቅዳሜማ አፍንጫሽን አሳንሳለሁ።"