በግራ ወንበር የተቀመጠችው
ክላይቭና ግዌንዳ ጡረታ ወጥተው ከዌልስ ወደ ስፔን ሲዛወሩ አሮጌ መኪናቸውን ይዘዋት ሄዱ። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ፣ በቀኝ በሚነዳበት የስፔን መንገድ ክላይቭ ሊቀድም ሲል ከፊት የሚመጣው አይታየውም። በግራ የተቀመጠችው ሚስቱ አይታ ትነግረዋለች።

አንድ ቀን ከጭነት መኪና ኋላ ሲያዘግሙ፣ «ክፍት ነው፤ ቅደም እንጂ! ምን ትጎተታለህ?» አለችው።

ብቅ ሲል አውቶቡስ ፊቱ ተደቀነ። ለጥቂት ተርፈው ዳር ይዘው ቆሙ።

«አልታየሽም እንዴ?»

«ዓይኔ ከደከመ ቆየ» አለች ግዌንዳ አንገቷን ደፍታ። «ስፔን እንሂድ ብዬ የጎተትኩህ እኔ፣ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ቤታቸው ተራራው ላይ ነው፤ መንገዱም ይኸው ብቻ። ክላይቭ ሞተሩን አስነሳ። ብዙም ሳይርቁ ሌላ ጭነት መኪና ደረሱበትና ጭሱን እየማጉ ሳይቀድሙት ተከተሉት።